የሆልትካምፕ አጥንት

ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት ጠዋት፣ በኒው ሌንገን ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት ውስጥ፣ አርዲስ ሆልትካምፕ ሰው ትንቃለች። በሩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት «የዘር ሐረግ ክፍል» ይላል። ሥራው የበጎ ፈቃድ ነው። ከጀርመን የመጡ አያት ቅድመ አያቶቻቸውን ፍለጋ ለሚመጡ ሰዎች መዝገብ ታወጣለች፣ የድሮውን የጀርመን የእጅ ጽሑፍ ታነባለች፣ መንገድ ታሳያለች። መናቁን ማንም አላዘዛትም፤ ከራሷ ጨምራ የምትሰጠው ነው።

ሰባ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አላገባችም። አርባ ዓመት ሙሉ የአውራጃውን ፍርድ ቤት መዝገብ ስትጠብቅ ኖራ ጡረታ ወጣች። በዚህ በምዕራብ ኦሃዮ የበቆሎ አገር ያን እንደ እሾህ አጥር የተቆላለፈ ጽሑፍ እንደ ጋዜጣ የሚያነብ ከእሷ ሌላ አንድ ቄስ ነበር፤ እሱም ሞተ። ስለዚህ ሰዉ ምን ያድርግ፣ ንቀቷን እየዋጠ ይመጣል።

አኩሪ አተር በሚታጨድበት ሰሞን አንድ ማክሰኞ የመጣው ሰው ከዴይተን ከተማ ነበር፤ ጡረታ የወጣ የኢንሹራንስ ሠራተኛ። ኮፍያው ላይ የቆመ አንበሳ ያለበት ጋሻ አስጠልፏል። ሸሚዙም ላይ አለ። መኪናውም ላይ እንደሚኖር አርዲስ አልተጠራጠረችም።

«ወይዘሪት ሆልትካምፕ፣ የእኛ ሰዎች መኳንንት ነበሩ» አላት ወንበር እየሳበ። «የቤተሰባችንን ጋሻ ኢንተርኔት ላይ አገኘሁት።»

«በስንት ገዙት?»

«ከነክፈፉ ሰማንያ ዶላር።»

«ድንቄም መኳንንት! በሰማንያ ዶላር የሚገኝ ደህና ወንበር እንኳ የለም።» መነጽሯን አውልቃ ጠረገች። «ይስሙኝ ጌታዬ። ብሬመን ወደብ ላይ መርከብ የተሳፈረ ሁሉ የተሳፈረው ወይ ርቦት ነው፣ ወይ ውትድርና ሸሽቶ ነው፣ ወይ የሰው ሴት ልጅ አስረግዞ ነው። ደልቶት ውቅያኖስ ያቋረጠ ባላባት እስካሁን አላጋጠመኝም።»

«አያቴ ግን ስማችን ከትልቅ እርሻ የመጣ ነው ይል ነበር።»

«የእርሻው ስም ነዋ! አያትዎ ስሙን ሰሙ እንጂ ወጉን አልሰሙም። እዚያ አገር ስም የመሬቱ ነው፤ የሰው አይደለም። እርሻው ወንድ ወራሽ አጥቶ ልጅቷ ባል ካገባች፣ ሰውየው የራሱን ስም ደጅ ጥሎ ይገባና በእርሻው ስም ይጠራል። የሚወለዱት ልጆችም እንደዚያው። እርስዎ ስም ብቻ እየተከተሉ ሲሄዱ የሰው አያት ቤት ነው የሚደርሱት። ሰነፍ ሁሉ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው።»

ሰውየው ጻፈው። ሲወጣ ኮፍያውን አላደረገም፤ በእጁ ይዞት ወጣ። አርዲስ ያን ቀን ምሳዋን በደስታ በላች።

የእሷን ነገር ደግሞ እንንገር። በአርዲስ ሳሎን ግድግዳ ላይ አባቷ ኤልመር ሆልትካምፕ በራሱ እጅ የሠራው ትልቅ የዘር ሐረግ ተሰቅሏል። ሥሩ ላይ ምንጅላቷ ዮሐን ሄንሪኽ ሆልትካምፕ ተጽፎ ይገኛል፤ እ.ኤ.አ. በ1815 ሄስተርሎህ በሚባል ደብር ውስጥ ሆልትካምፕ በተባለው ትልቅ ርስት ተወለደ፣ በ1838 ወደ አሜሪካ መጣ። ኤልመር እ.ኤ.አ. በ1961 እዚያ ድረስ ሄዶ፣ በርስቱ ደጃፍ ላይ ከዛሬው ባለቤት ጋር ፎቶ ተነሥቶ፣ ደረቱን ነፍቶ ተመለሰ። ፎቶው ከሐረጉ ጎን ተሰቅሏል። ኤልመር የደብሩን መዝገብ አልገለጠም፤ ምን ሊያደርግለት! አርዲስም አልገለጠችም። የሌላውን ሰው ሐረግ ሦስት ማስረጃ ካልቀረበላት የማትቀበል ሴት፣ የራሷን ባባቷ ቃል ተቀብላ ተቀመጠች።

የሆልትካምፕ ቤት ሰዎች ደግሞ አንድ የሚንቁት ዘር አላቸው፤ ፊንከዎችን። ፊንከ ማለት በዚያ በድሮው አገር በሆልትካምፕ ርስት ጥግ ላይ ጎጆ ቀልሶ፣ ጌታው በጠራው ቀን ሁሉ ማጭዱን ይዞ የሚሮጥ ጭሰኛ ነበር። ፊንከዎች ኋላ እነሱም ወደዚህ መጡ፤ መጥተውም ለብዙ ጊዜ የሆልትካምፖችን በቆሎ አረሙ። ይህ ከሆነ መቶ ሰባ ዓመት አልፎታል። ዛሬ በከተማችን የፊንከ ልጆች ሐኪምም፣ የባንክ ሠራተኛም ሆነዋል። በአርዲስ ዓይን ግን ጭሰኛ ነጭ ካፖርት ቢለብስም ጭሰኛ ነው።

ታናሽ እህቷ ላቨርን እ.ኤ.አ. በ1973 ያገባችው ኦርቪል ፊንከን ነው። የወተት ቦቴ ነጂ ነበር፤ አጭር፣ ሳቂታ፣ እጁ እንደ አካፋ የሰፋ። ኤልመር ሠርጉ ላይ አልተገኘም፤ አርዲስም አልተገኘች። ከዚያ በኋላ ሃምሳ አንድ ዓመት ሁለት ሺህ ሰው በሚኖርባት ከተማ ውስጥ እህትማማቾቹ እሑድ እሑድ በአንድ ቤተ ክርስቲያን አስቀደሱ፣ በአዳራሹ አንድ ረድፍ ላይ ተሰልፈው የአሳማ ሥጋና የኮመጠጠ ጎመን ተቀበሉ፣ «እንደምን አደርሽ» ተባባሉ፣ ከዚያ አንዷ ወደ ቀኝ አንዷ ወደ ግራ ገበታ ሄዱ። ኦርቪል አርዲስ ቤት ገብቶ አንድ ቀን እንኳ አልተቀመጠም።

ኦርቪል በፀደይ ሞተ። እንደ ምኞቱ አስከሬኑ ተቃጠለና አመዱ በእንጨት ሣጥን ሆኖ ላቨርን ማዕድ ቤት መደርደሪያ ላይ፣ ራዲዮው አጠገብ ተቀመጠ። በመኸር ደግሞ የላቨርን ልብ ታመመ። ሐኪሞቹ ደረቷን ከፍተው ሊያዩት ቀጠሮ ያዙላት። ሰባ አራት ዓመቷ ነው፤ ከቀዶ ሕክምናው አልጋ ላትነሣ እንደምትችል ታውቃለች። የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ በብረት ሰንሰለት የታጠረው የሆልትካምፕ ቤተሰብ መቃብር ውስጥ ሁለት ቦታ ቀርቷል። አንዱ የአርዲስ ነው። በሌላው እሷ ከእናቷ አጠገብ ልታርፍ፣ የኦርቪልንም አመድ አብራት ልታስቀብር ፈለገች። የመቃብሩ ወረቀት በአርዲስ ስም ነው፤ አርዲስ ካልፈረመች ማንም አይገባም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በመኪና ማቆሚያው ላይ ላቨርን ጠየቀቻት።

«ቦታ አይወስድብሽም አርዲስ። አመድ እኮ ነው።»

«አንቺ መብትሽ ነው፣ ሆልትካምፕ ነሽ። እሱ አይገባም።»

«ባሌን?»

«ፊንከን። ፊንከ የሆልትካምፕ መሬት ላይ ሠርቶ ያውቃል፤ ተኝቶ ግን አያውቅም።»

ላቨርን የመኪናዋን በር ተደግፋ ትንፋሿ እስኪመለስ ቆየች። «የዛሬ አሥር ቀን ነው ቀጠሮዬ። እስከዚያ አስቢበት።»

«ሃምሳ አንድ ዓመት አስቤበታለሁ» አለች አርዲስ፤ ቁልፏንም አወጣች።

ያን ሐሙስ ወደ ምድር ቤቱ የወረደችው የላቨርን ልጅ ጆዲ ናት። የጥርስ ሐኪም ረዳት ነች፤ የሚስቁ ጥርሶች የተሳሉበትን የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ነው የመጣችው። አርዲስ ያንን ልብስ ባየች ቁጥር ፊቷ ይኮማተራል። ጆዲ አራት የታተሙ ገጾች ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች።

«አክስቴ፣ ይቅርታ፣ ሥራ እንዳላስፈታዎት። ለእናቴ ቀዶ ሕክምናው ሳይደርስ የአባቴን ሐረግ በክፈፍ አሠርቼ ልሰጣት ብዬ ነው። የሄስተርሎህ መዝገብ እኮ ዘንድሮ ኢንተርኔት ላይ ወጥቷል። ፊንከ ብዬ ስፈልግ እነዚህን አራቱን አመጣልኝ። ግን አንዲት ፊደል አላነበብኩም፣ ዶሮ የጫረችው ነው የሚመስለው።»

«የፊንከ ሐረግ» አለች አርዲስ። «በክፈፍ።»

«አዎ። ለሷ ትልቅ ነገር ነው።»

አርዲስ ገጾቹን ወደራሷ ጎተተች። እውነቱን እንናገር ከተባለ ሆዷ ውስጥ ደስ አላት። ምን እንደምታገኝ ገምታለች፤ ዲቃላ፣ ለማኝ፣ ሰካራም፣ ወይ በዶሮ ሌብነት የታሰረ አንድ ፊንከ። ያንን ቃል በቃል አንብባ ልትሰጣት፣ ክፈፉንም እሷ ልትመርጥላት ትችላለች። ማጉያ መነጽሯን አነሣች።

የመጀመሪያው ገጽ የጋብቻ መዝገብ ነበር፣ የ1809። ዮሐን ጌርድ ፊንከ፣ በሆልትካምፕ ርስት የሚኖር የጭሰኛ ልጅ፣ የርስቱን ብቸኛ ወራሽ አና ማርጋሬታን አገባ። ቄሱ ከጎኑ በትንንሽ ፊደል «ከእንግዲህ ሆልትካምፕ ይባላል» ብሎ ጽፏል።

አርዲስ ቀጥ ብላ ተቀመጠች። ይሁን፣ አለች በልቧ፤ በሴት በኩልም ቢሆን ደሙ ደም ነው። ሁለተኛውን ገጽ ሳበች። የቀብር መዝገብ ነው። አና ማርጋሬታ፣ የሆልትካምፕ ወራሽ፣ በ1811 በወሊድ ሞተች፤ ሕፃኑም አብሮ ሞተ፤ ሌላ ልጅ የላትም። ሦስተኛው እንደገና ጋብቻ ነው። ሚስቱ የሞተችበት ሆልትካምፕ፣ ቀድሞ ፊንከ ይባል የነበረው፣ የቤቱን ገረድ ካታሪና ኤልሳቤጥን አገባ።

አራተኛውን ለማንበብ አልፈለገችም፤ ግን አርባ ዓመት መዝገብ ያነበበ ዓይን አልታዘዝ አላት። የክርስትና መዝገብ ነበር። መጋቢት 14 ቀን 1815፣ ዮሐን ሄንሪኽ፣ የሆልትካምፕና የካታሪና ኤልሳቤጥ ልጅ። የክርስትና አባቱ የሕፃኑ አጎት ሄርማን ፊንከ፣ ጭሰኛ። ያን ቀን አርዲስ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች፤ ሳሎኗ ግድግዳ ላይ አለ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ባለው ትልቁ ድንጋይ ላይም ተቀርጿል። ሄርማን ፊንከንም ታውቀዋለች፤ የኦርቪል ምንጅላት ነው።

እና ከዚያ ሁሉ ሆልትካምፕ ውስጥ፣ ከአባቷ፣ ከአያቷ፣ ከእሷ ከራሷ ውስጥ፣ የርስቱ ደም አንዲት ጠብታ አልነበረም። የጭሰኛና የገረድ ዘር የሟች ሴት መሬት ስም ለብሶ ውቅያኖስ ተሻገረ።

«ምን ይላል አክስቴ?» አለች ጆዲ።

«ምንም።»

«ምንም ማለት?»

«ስለ ሌላ ሰው ነው። የማይገናኝ።»

«ይቺ እኮ ፊንከ ነች፣ በፊደሏ ለየኋት» ብላ ጆዲ በጣቷ አሳየች።

«ጭሰኛ ይፈለፈላል። በየገጹ አለ፤ ሁሉ ያንቺ አይደለም። ተይልኝ፣ በደንብ አየዋለሁ።»

ጆዲ አመሰገነቻት፤ ጭራሽ ትከሻዋን ዳሰስ አደረገቻት። «እናቴ እኮ ክፉ አይደለችም ትላለች እርስዎን፣ ግትር ናት እንጂ።» ደረጃውን ወጣች። አርዲስ በዚያች ክፍል ውስጥ በሃያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ መዝገብ አጣማ አንብባ ነበር፤ ይህን ስታስብ ጆሮዋ ድረስ ቀላች።

እቤቷ ስትደርስ ካፖርቷን ሳታወልቅ ግድግዳው ፊት ቆመች። ገጾቹን ከሐረጉ ጋር አስተያየች፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ስህተት ፈለገች። ሌላ ዮሐን ሄንሪኽ፣ ሌላ ሆልትካምፕ፣ አንዲት የተዘለለች መስመር ቢገኝ ብላ ደከመች። ለዴይተኑ ሰውዬ ቢሆን ኖሮ በሩብ ሰዓት ውስጥ ጨርሳ፣ «በቃ፣ ይኸው ነው» ብላ ታሰናብተው ነበር። ለራሷ ሲሆን አራት ሰዓት ፈጀባት፤ መልሱም ያው ሆነ።

ከዚያ ፎቶውን አየችው። አባቷ በርስቱ ደጃፍ ላይ አገጩን ቀና አድርጎ ቆሟል። አጠገቡ ያለው ጀርመናዊ ባለርስት ፈገግ ብሏል። ስልሳ ዓመት ሙሉ ያን ፈገግታ የዘመድ ፈገግታ ነው ብላ ስታየው ኖራለች። አሁን ግን ሌላ ነገር ታያት፤ እሷ ራሷ ማክሰኞና ሐሙስ ባለ ጋሻዎቹን የምታይበት ፊት ነው። ሰውየው ያውቅ ነበር። አባቷ ተንቆ ነበር፣ ተንቆም ፎቶ ተነሥቶ፣ ፎቶውን ከፍሎ አምጥቶ ሰቀለው። አርዲስ አፈረች። ለአባቷም አፈረች፣ ለራሷም አፈረች፤ ደሟ ፊቷ ላይ እየፈላ ሶፋው ላይ ቁጭ አለች።

ግን ንቀት በቀላሉ የሚለቅ በሽታ አይደለም። ሦስት ቀን አስባ አስባ አርዲስ የደረሰችበትን ውሳኔ ሌላ ሰው ቢሆን አይደርስበትም። ሥርዓቱ አልተጣሰም፣ አለች። የሆልትካምፕ መቃብር የቤተሰብ ነው፤ ኦርቪል ደግሞ በሁለት ወንድማማቾች በኩል የሥጋ ዘመድ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ሊገባ ይችላል። ደንቡ ደንብ ሆኖ ይቀራል፣ እሷም የተሸነፈች አትመስልም። ይህን ባገኘች ጊዜ ደረቷ ቀለል አላት፣ እንዲያውም ደግ ሰው የሆነች መሰላት። ሰኞ ጠዋት ቤተ ክርስቲያኑ ቢሮ ሄዳ ወረቀቱን ፈረመች። ገጾቹንም በቦርሳዋ ይዛ ወደ ላቨርን ቤት ነዳች፤ በሃምሳ አንድ ዓመት ውስጥ ያን ደጅ ስትረግጥ ሁለተኛዋ ነው፤ የመጀመሪያው ለኦርቪል ለቅሶ፣ ያውም በረንዳው ላይ ቆማ።

ላቨርን ማዕድ ቤት ተቀምጣ ለፓይ የሚሆን ፖም ትልጣለች። እህቷን ስታይ ቢላዋው በእጇ ላይ ቀረ።

«ግቢ እንጂ። ምነው፣ ሰው ሞተ?»

«ማንም አልሞተም።» አርዲስ ወረቀቱን ከልጣጩ ራቅ አድርጋ ዘረጋችው። «አንብቢው።»

ላቨርን እጇን በሽርጧ ጠርጋ አነበበች። እንደገና አነበበች። «ኦርቪልም? ስሙም ድንጋዩ ላይ?»

«እሱም።»

«ወይ አርዲስ። ወይ እህቴ።» እንባዋ ዱብ ዱብ አለ፤ ወደ መደርደሪያው ዞረች። «ሰማህ ወይ ኦርቪል? ከእናቴ ጋር ልንሆን ነው።» ከዚያ የአርዲስን እጅ ያዘች፤ የፖም ጭማቂ ያለበት፣ የሚያጣብቅ፣ ሞቃት እጅ። «እኔ እኮ ልብሽ የሚራራ አልመሰለኝም ነበር። እግዜር ይስጥሽ። አሁን ቢከፍቱኝም አልፈራም።»

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረባት። አንድ ቅንጣት የምታህል ብልኃት ያላት ሴት ዝም ትል ነበር፤ ፓዩን በልታ፣ እህቷን ስማ፣ ወደ ቤቷ ትሄድ ነበር። አርዲስ ግን ልቧ ራርቷል ተብሎ መታማቱን አልቻለችውም። ደግሞም ባልሆነ ምክንያት ተመዝግቦ የሚቀር ነገር አትወድም።

«መራራት አይደለም» አለች እጇን ቀስ ብላ እየሳበች። «መዝገቡ ነው።» ገጾቹን አወጣች። ዮሐን ጌርድን ነገረቻት፣ ወራሿን፣ ገረዲቱን፣ ሄርማንን። ድምፅዋ ምድር ቤት ውስጥ እንደምታስረዳው ያለ ድምፅ ነበር። «ስለዚህ ኦርቪል የሥጋ ዘመዳችን ነው። ለጆዲ አልነገርኳትም፤ ለአንቺ ግን መንገር አለብኝ ብዬ ነው።»

ላቨርን ገጾቹን አየች፣ ከዚያ እህቷን። ስትናገር ረጋ ብላ ነበር።

«ቆይ። እነዚህ ወረቀቶች ባይመጡስ ኖሮ?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«አባታችን ያለው እውነት ሆኖ ቢሆን። እኛ ባለርስት፣ እሱ ጭሰኛ። ትፈርሚ ነበር?»

አርዲስ መዋሸት ትችል ነበር። ሐሙስ ዕለት ዋሽታለች። «አልፈርምም ነበር» አለች።

ላቨርን ሣቀች። ቅድም ያለቀሰችበት ዓይኗ ገና አልደረቀም። «ይኸውልሽ እንግዲህ። ሠላሳ ክረምት ሙሉ ደጅሽን ከበረዶ የሚጠርግልሽ ማን ነበር?»

«እኔ አላዘዝኩትም።»

«አላዘዝሽውም። መስኮቱን ከውስጥ አንኳኩተሽ የቀረውን በጣትሽ ታሳዪው ነበር። እቤት ሲመጣ ጆሮው በብርድ ቀልቶ፣ እየሣቀ፣ ‹እህትሽ ዛሬ ሁለቴ አናገረችኝ› ይለኛል። አናገረችኝ! ማንኳኳትሽን እኮ ነው። ተው፣ አትሂድላት ስለው፣ አንድ ቀን በሩን ትከፍተዋለች ይለኛል።»

«ላቨርን…»

«ገና አልጨረስኩም። እኔ ኦርቪልን ዘመድሽ ነው ብለሽ ተቀበዪልኝ አላልኩሽም። ኦርቪል ነው ብለሽ ነው። አንቺ ግን መጀመሪያ ራስሽን ፈልገሽ ስታገኚበት ነው በሩን የከፈትሽለት። አሁንም የገባው እሱ አይደለም፤ አንቺው ነሽ።» ወረቀቱን በሁለት ጣቷ አነሣችው። «ይሄን አልፈልገውም።»

«አትቸኩዪ። ቀጠሮሽ ረቡዕ ነው።»

«ለዚያ ነው የምቸኩለው። አውራ መንገዱ ዳር ባለው በማዘጋጃ ቤቱ መቃብር ለሁለታችን ቦታ ጠይቄ ነበር፣ አንቺ እንቢ ያልሽኝ ዕለት ማታ። ነገ ደውዬ እሺ እላቸዋለሁ። ለእሱም ይሻለዋል፤ የጭነት መኪና ድምፅ ይወዳል።»

«እናታችንስ?» አለች አርዲስ። «ከእናቴ አጠገብ ስትይ አልነበር?»

«ነበር። እናታችን ትረዳኛለች። እሷ ሠርጌ ላይ መጥታለች፣ አባባ ሳያውቅ፣ ከኋላ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ነበር። አንቺ ይሄን መዝገብ አላገኘሽውም።»

አርዲስ ይህን በእርግጥ አታውቅም ነበር። ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ገጾች አንድ ባንድ ሰበሰበች፣ ጠርዛቸውን አስተካከለች። በመስኮቱ ማዶ አጫጁ መኪና አቧራ እያስነሣ የጎረቤቱን በቆሎ ይጨርሳል። ዕድሜዋን ሙሉ ከማንም ምንም ያልለመነች ሴት፣ ልመና እንዴት እንደሚጀመር እንኳ አታውቅም።

«እኔስ?» አለች በመጨረሻ። «እኔ አጠገቤ ማን ይሆናል?»

ላቨርን የተፈረመውን ወረቀት በጠረጴዛው ላይ እየገፋች እፊቷ ድረስ አደረሰችላት። ከዚያ ቢላዋዋን አንሥታ ወደ ፖሟ ተመለሰች።

«ማንም» አለቻት። «ሁለቱም ቦታ ያንቺ ነው። እግርሽን ዘርግተሽ ተኚበት።»